ምንም የማትጭነው መኪና

ያን ዓመት ዝናቡ ሰዓት አክባሪ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ትወጣለች፣ ልብስ አጥበን እናሰጣለን፤ አሥር ሰዓት ሲሆን በሶዌቶ በኩል ሰማዩ ከሰል ይመስልና መጀመሪያ ነፋሱ፣ ከነፋሱ ኋላ የአቧራው ሽታ፣ ከዚያ ዶፉ ይመጣል። ታኅሣሥና ጥር በእኛ አገር እህል የሚወቃበት ጊዜ ነው፤ ጆሃንስበርግ ግን በረዶው የቆርቆሮ ጣሪያችንን ይወቃዋል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያባራል። መንገዱ ይጨሳል፣ ወፎቹ ይመለሳሉ፣ እኔም ወንበሬን በር ላይ አወጣለሁ። ያን ጊዜ ጉልበቴ ደህና ነበር። ዛሬ ያ ዝናብ ትዝ ሲለኝ ከሽታው ቀድሞ የሚመጣብኝ ጩኸት ነው፦

«ሸራ! ሩመይሳ፣ ሸራውን!»

ጎረቤቴ ሸረፈዲን ነበር። የመጀመሪያዋ ጠብታ መሬት ሳትነካ ከጓሮው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሮጣል፤ ሚስቱ ሩመይሳ እጇ ሳሙና እንደሆነ የሸራውን አንድ ጫፍ ይዛ ትከተለዋለች። የሚሸፍኑት ልብስ አይደለም፣ እህል አይደለም። ቀን ቀን ሊሠራባት ከጋራዥ የሚያወጣት ጣሪያ የሌላት መኪና ነች። ገመድ ላይ ያለው ልብሳችን ሁሉ እንደገና ይታጠባል፤ እሷ ግን ደረቅ ናት።

«ሸረፍ፣ ልጆችህስ ገብተዋል?» እለዋለሁ በግድግዳው ላይ አንገቴን አስግጌ።

«እነሱ ጣሪያ አላቸው እማማ!»

የምንኖረው ሜይፌር የሚባል የጆሃንስበርግ ሰፈር ነው። እኔ ልጄ ከተከራየችው ቤት ጓሮ ባለችው ክፍል፣ እነሱ ከግድግዳው ወዲያ። ሸረፈዲን የወራቤ በኩል ሰው ነው። እዚህ አገር ሲመጣ ዕድሜው ሃያ አልሞላም፤ ብርድ ልብስ በትከሻው ተሸክሞ ዛንድስፕሩት ውስጥ ከቆርቆሮ ቤት ቆርቆሮ ቤት እየዞረ ይሸጥ ነበር። በኋላ ሰው ሆነና እዚሁ አጠገባችን ፎርድስበርግ የብርድ ልብስ ሱቅ ከፈተ። ዝምተኛ፣ ሶላቱን የማያሳልፍ፣ ከሰው የማይጣላ። አንድ ጉድ ብቻ ነበረው፤ እሱም ጋራዡ ውስጥ ነበር።

ነገሩ የጀመረው የሱቁን በር ማጠፊያ ሊያሠራ አንክል ጁነይድ የሚባሉ ሽማግሌ ቶርኖ ቤት የሄደ ቀን ነው። አንክል ጁነይድ አያቶቻቸው ከህንድ የመጡ፣ ፎርድስበርግ ተወልደው ፎርድስበርግ ያረጁ ብረት ሠሪ ናቸው። ሸረፈዲን ጥግ ላይ የመኪና አካል የያዙ ሳጥኖች ተደርድረው አየ። እንዲህ ያለች መኪና ተገጣጥማ አትሸጥም። ሻንሲው ለብቻ፣ ላሜራው ለብቻ፣ ፓራፋንጎው ለብቻ በሳጥን ይመጣል፤ ከዚያ ራስህ ትገጥማለህ። ሞተሩን ከሌላ አሮጌ መኪና ታወጣለህ። ሽማግሌው ጀምረዋት ወገባቸው እምቢ ስላለ ትተዋት ኖሯል። ሸረፈዲን የበሩን ማጠፊያ ረስቶ ሳጥኖቹን ይዞ መጣ።

አራት ዓመት ገጠማት። ሲጨርሳት ምን ሆነች ብትሉኝ፣ በር የላትም። ጣሪያ የላትም። ዕቃ መጫኛ የላትም። ሰው ሁለት ትይዛለች፣ እሱም ከተዋደደ ነው። ተቀምጠህባት እጅህን ብትዘረጋ አስፋልቱን ትነካለህ። መብራቶቿ እንደ እንቁራሪት ዓይን ወጣ ወጣ ያሉ ናቸው። ስትነሳ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይነሳላታል።

ፍቅሩ ደግሞ ከፍጥነቷ አልነበረም። ከቅለቷ ነበር። እያንዳንዱን ብሎን በሩመይሳ የወጥ ቤት ሚዛን ይመዝናል፤ ከበደ ያለውን በሞረድ ይሞርደዋል። ወለሉን ቀልሎ እንዲቀር ብሎ ወንፊት አስመስሎ በሳው። ሩመይሳ አንድ ቀን የሶፍት ካርቶን መቀመጫው ላይ ብታስቀምጥ በሁለት ጣቱ አንስቶ መለሰላት። ሰኞና ሐሙስ ይጾማል፤ ድሮም ይጾም ነበር፣ ግን እንደዚያ ዓመት ሲከሳ አይቼው አላውቅም።

«ሸረፍ፣ ይኼ ጾም ለአላህ ነው ለመኪናዋ?» አልኩት።

«አስተግፊሩላህ እማማ! ለአላህ ነው።» ሞረዱን እያነሳ፣ «እሷም ትጠቀማለች» አለ።

የፎርድስበርግ ነጋዴ ደግሞ መኪናን የሚለካው በካርቶን ነው። ሁሉም ባኪ አለው፤ ባኪ ማለት እዚህ ኋላው ክፍት የሆነ የጭነት መኪና ነው። የዘይት ነጋዴው ከሊል ባለፈ ባገደመ ቁጥር በበሩ ብቅ ይላል።

«አንተ ሰውዬ፣ ስንት ካርቶን ትይዛለች?»

«ምንም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

«ታዲያ ምን ትሠራልሃለች?»

ሸረፈዲን ይኼኔ ኮፈኗን መወልወል ይጀምራል። ለእኔ ግን አንድ ቀን ነግሮኛል። ጎማ ሥር ተንጋሎ ብሎን እያጠበቀ፣ ፊቱ ሳይታየኝ ነው የነገረኝ። «ልጅ ሆኜ ወራቤ የአይሱዙ ረዳት ነበርኩ እማማ። ከላይ በርበሬ፣ ከበርበሬው ላይ ሰው፣ ከሰው ላይ ፍየል። እዚህ ስመጣ ደግሞ ብርድ ልብሱ ትከሻዬ ላይ። ሳልጫን የዋልኩበትን ቀን አላስታውስም። አንድ ምንም የማይጭን ነገር ይኑረኝ ብዬ ነው።»

እኔም ከዚያ ወዲያ ማሾፌን ቀነስኩ። ተውኩ ግን አልልም።

ሩመይሳ ደግሞ የራሷ እውነት ነበራት። በሚያዝያ መጀመሪያ የክረምቱ ብርድ ልብስ ከደርባን ይመጣል፤ ማስቀመጫው ጋራዡ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ብርድ ልብሱ ሳሎን፣ ልጆቹ ብርድ ልብሱ ላይ ነበሩ። በመጨረሻ እኔን ምስክር አስቀምጣ ቁርጡን ነገረችው።

«ታርጋ የሌለው መኪና መኪና አይደለም፤ ጎታ ነው። ብርድ ልብሱ ከመድረሱ በፊት ታርጋ ካወጣች ወላሂ መጋዘን እከራያለሁ፣ ጋራዡም የእሷ ይሁን። ካላወጣች ግን ትሸጣለች። ገዢ አግኝቻለሁ፣ የቤኖኒ ሰው ነው፣ አርብ ልምጣ ብሏል።»

«እሺ» አለ ሸረፈዲን። ውል ገባ።

በእጅ የተገጠመ መኪና ታርጋ ለማውጣት መንግሥት ብዙ ወረቀት ይጠይቃል። ፖሊስ ማየት አለበት፣ ምርመራ ማለፍ አለባት፤ ከሁሉ በፊት ግን ባዶዋን ተመዝና የክብደት ወረቀት ይዛ መቅረብ አለባት። ለዚህ ብቻ የሚሆን የሦስት ቀን የመንገድ ፈቃድ ሰጡት። ሰኞ ሚዛን፣ ረቡዕ ምርመራ። ብርድ ልብሱ ሐሙስ ይገባል። ልክ ልክ ነበር።

ሰኞ ጠዋት መኪናዋን ከግቢ ሲያወጣ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ሚዛኑ ያለው ሚድራንድ፣ የአሸዋ መኪኖች የሚመዘኑበት ግቢ ነው። ከሚድራንድ ደግሞ የእኛ ሰው የሚበዛበት አይቮሪ ፓርክ ቅርብ ነው። ይኼን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው።

እኛ ዘንድ መንገደኛ ባዶውን አይሄድም። ወደ አገር ቤት የሚሄድ፣ ወደ ደርባን የሚሄድ ይቅርና ወደ ሐኪም ቤት የሚሄድ እንኳ «ከሄድክ አይቀር» ይባላል። እምቢ ማለት ነውር ነው። አለመላክም ሰውን እንደ መርሳት ነው።

የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። የክርስትና ልጄ ሊሊ አይቮሪ ፓርክ ወልዳ አሥረኛ ቀኗ ነበር።

«ሸረፍ ልጄ፣ ከሄድክ አይቀር ይቺን የገንፎ ዱቄት ለሊሊ አድርስልኝ። አራስ ናት።»

እኔን አየኝ። ዱቄቱን አየ። አራስ ተብሎ ደግሞ እምቢ የሚል ማን ነው?

«ስንት ኪሎ ናት?»

«ቀላል ናት።»

አሥራ ሁለት ኪሎ ነበረች።

እሱን አይቶ ከሊል መጣ፣ አንድ ጀሪካን ዘይት አንጠልጥሎ። «ለወንድሜ ስፓዛ ሱቅ ነው፤ መንገድህ ላይ ነው፤ ጣል አድርግለት።» ሸረፈዲን ለአንዱ ተቀብሎ ለሌላው እምቢ ሊል? ከሁሉ በኋላ ሩመይሳ ምንም ሳትናገር፣ እሱ የራዲያተሩን ውኃ ሲያይ፣ በዚያ በኩል ስም የተጻፈበት አንድ ትልቅ ፌስታል ከተሳፋሪው መቀመጫ ፊት ስትሸጉጥ አየኋት። እሷም አየችኝ። ሁለታችንም ሰማይ ሰማይ አየን። ሰማዩ ደመና ስለነበረ ሸረፈዲን የተሳፋሪውን ወገን በሸራ ሸፍኖ የሸራውን ቁልፎች ቆለፈና፣ «ቢስሚላህ» ብሎ ሄደ።

ሚዛኑ ላይ የሆነውን በኋላ እሱ ራሱ ነው የነገረን። መኪናዋን ብረቱ ላይ አቆመ። ወረደ። ኪሱ ውስጥ ያለው ሳንቲም እንዳይመዘን ይመስል ራቅ ብሎ ቆመ። ተመልሶ ከመቀመጫው ኋላ የቀረች ካቻቢቴ አወጣ። አንዲት የዘይት ጨርቅ አወጣ። በሚዛን ቤቱ መስኮት ውስጥ ያለው ሰውዬ፣ «ዕቃ አለባት?» ብሎ ጠየቀው። ሸረፈዲን ሐቀኛ ሰው ነው። «የለባትም» አለ። ሰውዬው ወረቀቱ ላይ አምስት መቶ ዘጠና ኪሎ ብሎ ማኅተም መታበት። እሱም ቁጥሩን ሳያነብ አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ለምን ቢባል ቁጥሩን ከራሱ ስም ይበልጥ ያውቀዋላ! አምስት መቶ አርባ ናት። ከዚያ አይቮሪ ፓርክ ገብቶ መልእክቱን ሁሉ አንድ በአንድ አደረሰ።

ረቡዕ ምርመራው ቦታ አንዲት ወጣት ሴት ናት ያየችለት። ፍሬኑን አየች፣ ፍሬቻውን አየች፣ መሪውን ወዘወዘች፤ ሁሉም ደህና። ከዚያ አንክል ጁነይድ የሰጡትን የመኪናዋን የሥራ መጽሐፍ ገለጠች፣ የክብደቱን ወረቀት አየች፣ እንደገና መጽሐፉን አየች።

«ባባ፣» አለችው፤ እዚህ አገር ትልቅን ሰው እንዲህ ነው የሚሉት፣ «መጽሐፉ አምስት መቶ አርባ ይላል። ሃምሳ ኪሎ ምን ጨመርክባት?»

«ምንም።»

«ወረቀቱ እኮ ነው የሚናገረው።»

ሸረፈዲን ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። ቆመ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ገንፎ፣» አለ በአማርኛ።

«ምን አልክ?»

ምን ብሎ ይንገራት? እንደገና አስመዝን፣ አዲስ ፈቃድ አውጣ፣ ቀጠሮ ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ ነው ተባለ። ፈቃዱ ያን ቀን ቀትር ላይ ስላለቀ አንክል ጁነይድ የቀጠሩለት ተጎታች ላይ አስጭኖ አመጣት። ምንም ላትጭን የተሠራች መኪና ራሷ ተጭና መጣች።

እኔና ከሊል በሩ ላይ ነበርን። ቢቆጣን በተሻለን።

«ሰውዬ፣ ብሎን የምትመዝነው ሰው ጀሪካን እንዴት ትረሳለህ?» አለው ከሊል።

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ ለምን አላወረድከውም?»

«ዕቃ ቢሆን አወርደው ነበር። አደራ ነው!» አለ ሸረፈዲን፣ ያን ጊዜ ብቻ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሰው አደራውን መሬት ላይ ያስቀምጣል?»

 እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላወርደውም ነበር።

ሩመይሳ ሁሉንም ሰማች። «ውል ውል ነው፣» ብላ ገባች። የፌስታሉን ነገር አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም፤ በባልና ሚስት መካከል አሮጊት አትገባም ብዬ። ልቤ ግን አላስቀመጠኝም።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ከደርባን የጭነት መኪናው መጣ። ብርድ ልብሱን በእስር በእስር አስፋልቱ ዳር አራግፎ ሄደ። ሸረፈዲን አንድ ቃል ሳይናገር መኪናዋን ገፍቶ ከጋራዡ አወጣት፣ ጓሮው ውስጥ አቆማት፣ በሸራዋ ሸፈናት። ከዚያ የመጀመሪያውን እስር አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገው። እንደ ዛንድስፕሩቱ ጊዜ። እሱ፣ ከሊልና ሩመይሳ ይመላለሱ ጀመር፤ እኔ ዳር ሆኜ እቆጥርላቸዋለሁ። ግማሹ ሳይገባ በሶዌቶ በኩል ጠቆረ። አሥር ሰዓት ሆኖ ኖሯል፤ ያን ዓመት ዝናቡ እስከ ሚያዝያም አልለቀቀም።

ነፋሱ መጣ። የአቧራው ሽታ መጣ። ግቢው ውስጥ ያለው ሸራ አንድ ብቻ ነው።

ሁላችንም ወደ ሸረፈዲን አየን። ከመኪናዋ ላይ ሸራውን በአንድ እጁ ገሽልጦ ጎተተና እየሮጠ አውጥቶ አስፋልቱ ዳር ባለው ብርድ ልብስ ላይ ዘረጋው። ጫፎቹን ድንጋይ ጫነባቸው። ከዚያ ዶፉ ወረደ። እኛ በረንዳ ላይ ተጠግተን ቆመን፣ እሷ ጓሮው መካከል አፏን ከፍታ ሰማይ እያየች። አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠብታ ያልነካት ናት። ዝናቡ መቀመጫዎቿን ሞላ፤ በረዶው ኮፈኗን እንደ ከበሮ መታው።

«ለምን?» አለችው ሩመይሳ፤ በዚያ ጩኸት መካከል ሰማኋት።

«ብርድ ልብስ ውኃ ከጠጣ ይበላሻል፣» አላት። «እሷ ትደርቃለች።»

ሲያባራ ሄደን አየናት። ስለ ቅለት ብሎ በበሳቸው ቀዳዳዎች ሁሉ ውኃው በቀጭን በቀጭኑ እየተንጠፈጠፈ ነበር። ሩመይሳ በእነዚያ ቀዳዳዎች ስንት ጊዜ ስቃበታለች! ቆማ አየቻቸው። 

«ከሃምሳው ኪሎ ሃያው የእኔ ነው፣» አለች ድንገት። «አራት ብርድ ልብስ ነበር። ለዚያች ለአይቮሪ ፓርኳ ደንበኛዬ።»

«አውቃለሁ፣» አለ ሸረፈዲን። «ያደረስኩት እኔ አይደለሁ?»

ለካ ያን ሁሉ ቀን ያውቅ ነበር! አንድ ቀን እንኳ አላነሳባትም። ሩመይሳ ስልኳን አውጥታ ወደ ቤኖኒው ሰውዬ ደወለች። አትምጣ አለችው።

«ብርድ ልብሱስ?» አለ ከሊል።

እንግዲህ እዳው የጀመረው በእኔ ዱቄት ነውና፣ «እኔ ክፍል ይግባ፣» አልኩ። ገባ። አሥራ ስምንት ቀን ከብርድ ልብስ ጋር ኖርኩ። አልጋዬ ድረስ ለመሄድ በጎኔ ነበር የምራመደው፤ መስኮቴን ረሳሁት። ብርድ ግን አላገኘኝም፣ እሱ እውነት ነው።

ለሁለተኛው ሚዛን ሲሄድ ሩመይሳ በር ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። ማንም እንዲጠጋ አልፈቀደችም። ከሊል ከሩቅ እጁን አውለብልቦ ሄደ። እኔ ለሊሊ ልጅ አንዲት ጥንድ ካልሲ ሠርቼ ነበር፤ የጨቅላ ካልሲ ናት፣ ከአውራ ጣት አትበልጥም። ያዝ አድርጌ ተጠጋሁ።

«እማማ!»

«ካልሲ እኮ ናት ሩመይሳ። ምን ትመዝናለች?»

«ገንፎውንም ቀላል ነው ብለውን ነበር።»

ተመለስኩ።

አምስት መቶ አርባ ሆነች። ምርመራውን አለፈች፣ ታርጋዋን ያዘች። ሩመይሳም ቃሏን አከበረች፤ መጋዘን ተከራየች። እንደዚህ ያለች መኪና ግን ታርጋ ይዛም አታርፍም። በሄደች ቁጥር ብሎኖቿ ይላላሉ፤ እሁድ እሁድ ሸረፈዲን ተንጋሎ አንድ በአንድ ያጠብቃቸዋል። ካርቡራተሯን ጆሮውን ደግኖ እንደ ሐኪም ያዳምጣል። ሩመይሳም ሳይጠራት መፍቻ ማቀበል ጀመረች፤ ስንት ቁጥር እንደሆነ እንኳ አትጠይቀውም።

አንድ እሁድ እኔን አይቮሪ ፓርክ ሊሊ ዘንድ ወሰደኝ። ለመግባት እግሬን አነሳሁ፣ ለመውጣት ሁለት ሰው ጎተተኝ፤ በመካከሉ ያለውን ግን ለማንም አልሰጥም። ነፋሱ ሻሼን ወሰደው። ታክሲዎቹ ሲያልፉን ሰው በመስኮት እየወጣ «ጎጎ! ጎጎ!» ይለኛል፣ አያቴ ማለታቸው ነው። እኔም እጄን አወዛወዝኩላቸው። ሸረፈዲን ከመነሳታችን በፊት፣ «እማማ፣ የያዙት ነገር የለም?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። «የለም» ብዬዋለሁ። ባዶ እጄን ሰው ቤት የሄድኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ካልሲዋ መቀነቴ ውስጥ ነበረች። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ባለፈው ዓመት የፎርድስበርጉን ሱቅ ዘግተው ሄዱ። ሸረፈዲን አሁን ፖሎክዋኔ ከተማ ነው ያለው፤ ከሩመይሳና ከልጆቹ ጋር ከአውቶቡስ መናኸሪያው ኋላ ብርድ ልብስ ይሸጣል። መኪናዋ እዚያው ከአዲሱ ሱቅ ጀርባ ናት፤ ከበላይዋ የቆርቆሮ ጣሪያ ሠርቶላታል።